ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የገዛሁት የቼዝ ሰሌዳ፣ ከ8 ወር በኋላ

ልጇ ቼዝ ግዢልኝ እያለ ሚያስቸግራት እናት ካለች ይቺን ሳታነብ ብር እንዳታወጣ። እኔ መጀመሪያ የማይሆነውን ገዝቼ ነው ለሁለተኛ ጊዜ የወጣሁት። የማወራችሁ ግንቦት 2017 ታይዋን ገበያ ውስጥ በ2,400 ብር ስለገዛሁት የሚጠቀለል የቼዝ ሰሌዳ ከነጠጠሮቹ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የፋብሪካ ስም ሚባል ነገር የለውም፣ የቻይና ነው በቃ። 8 ወር ሙሉ በየቀኑ ተጠቅመንበታል፣ በየቀኑ ስላችሁ ወላሂ በየቀኑ፣ የሳቢያን ሰፈርን አቧራ ጠጥቷል፣ የሰኔን ሙቀት አይቷል፣ ሻይ ተደፍቶበታል፣ ስለዚህ አሁን አፌን ሞልቼ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ታኅሣሥ 2017 ነው። ልጄ ያኔ 10 አመቱ። ስራዬ ልብስ ስፌት ነው፣ ቤት ነው ምሰራው፣ እሱ ከትምህርት ቤት መጥቶ መኪናው አጠገብ ቁጭ ይልና ስልኬን ይነካካል። አንድ ቀን ድምፁ ሲጠፋብኝ ዞር ብል ቪዲዮ ላይ አፍጥጧል፤ ኮት የለበሰ ጎረምሳ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ያለቅሳል፣ ያለቅስና ደሞ እንባውን እየጠረገ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ቦታቸው ይመልሳል፣ ንጉሡን ቦታው፣ ፈረሱን ቦታው፣ ወታደሮቹን በመስመር። "እማ ይሄ ልጅ ተሸንፎ ነው?" አለኝ። እኔም የተሸነፈ ነበር የመሰለኝ። ለካ የአለም ሻምፒዮን ሆኖ ነው።

ጉኬሽ ዶማራጁ ይባላል፣ ህንዳዊ ነው፣ የቼናይ ልጅ። ታኅሣሥ 3 ቀን፣ በነሱ አቆጣጠር ዲሴምበር 12, 2024 ሲንጋፖር ላይ ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን 7.5 ለ 6.5 አሸነፈና በ18 አመቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከሱ በፊት በእድሜ ትንሹ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭ ነበር፣ እሱ እንኳን እ.ኤ.አ. በ1985 ሲያሸንፍ 22 ሞልቶት ነበር። ልጄን ግን የያዘው ሻምፒዮንነቱ አይመስለኝም፣ ጠጠሮቹን መመለሱ ነው። አሸንፎ፣ አለም እያየው፣ እያለቀሰ፣ ሰሌዳውን ሳያስተካክል አልተነሳም። ልጄ ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየው አልቆጠርኩም፣ ካርዴ ግን አለቀ።

ከዛ "ቼዝ ግዢልኝ" ተጀመረ። ጥር ላይ ፊት ለፊቴ ያገኘሁት ሱቅ ገባሁና ታጣፊውን፣ ማግኔት ያለውን በ700 ብር ገዛሁለት። ሲያዩት ያምራል፣ እንደ ሳጥን ይከፈታል፣ ጠጠሮቹ ግን የጥፍር ያህል ናቸው፣ ንጉሡንና ንግሥቷን ለመለየት ተጠግቶ ማየት ያስፈልጋል። የኛን ከተማ ሙቀት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ መጋቢት ሲገባ ማግኔቱን የያዘው ሙጫ ላላና ጠጠሩን ስታነሱት ማግኔቱ ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ሚያዝያ ላይ 9 ጠጠር እግር አልነበረውም። ልጄን ይዤ ባለሱቁ ጋ ተመለስኩ፣ "እህቴ የልጅ መጫወቻ እኮ ነው፣ የልጅ መጫወቻ ተመላሽ የለውም" አለኝ። ብሩን ትቼዋለሁ። ልጄ ግን አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር፣ "መጫወቻ" ሲለው ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፣ እዛው ነው ትክክለኛውን ሳልገዛለት እንደማልቀር ለራሴ የነገርኩት።

ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ያሳዩኝ ጎረቤታችን ናቸው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው ሚላቸው፣ ልጆቹ ደሞ አባባ። ከሰአት በራቸው ላይ በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ነው የማውቃቸው፣ ቼዝ ይችላሉ ብዬ አስቤም አላውቅ። ልጄ የተነቃቀለውን ማግኔት ሲያሳያቸው አገላብጠው አዩትና "ይቺ ለመንገደኛ ናት፣ ባቡር ላይ እንዳትበተን ተብላ የተሰራች፣ ሰው ሚማረው ትልቁ ላይ ነው" አሉት። ለኔ ደሞ "ሜትርሽን ይዘሽ ሂጂ ልጄ፣ አንዱ ቤት ከ5 ሳንቲ ካነሰ ተይው"። ቤት ማለታቸው ሰሌዳው ላይ ያለችውን አንዷን አራት ማዕዘን ነው።

ሜትር ይዤ ሄድኩ። ታይዋን 4 ሱቅ ዞርኩ፣ ሁለቱ ጋ ያው ማግኔቱ ነው፣ አንዱ ጋ የመስታወት ነበር (ለቤት ጌጥ ነው፣ ለልጅ አይሆንም፣ አትግዙት)፣ አራተኛው ጋ ይሄን አገኘሁ። ሰሌዳው እንደ ጠረጴዛ ላስቲክ ወፈር ያለ ነው፣ ይጠቀለላል። ነጭና ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ይሄን እወደዋለሁ፣ ጥቁርና ነጭ ከሆነው ይልቅ አይን አይወጋም። ለካሁት፣ አንዱ ቤት 5.5 ሳንቲ። ንጉሡ ከነመስቀሉ 9.5 ሳንቲ። በኋላ ስናነብ የአለም ቼዝ ፌዴሬሽን ለውድድር ሚመክረው መጠንም እሱው ነው፣ ንጉሥ 9.5 ሳንቲ አካባቢ፣ ቤቱ ከ5 እስከ 6። ማለት ልጃችሁ ነገ ውድድር ቢገባ ሚቀመጥበት ሰሌዳ እቤት ውስጥ ከለመደው ጋ አንድ ነው፣ እጁም አይኑም አይደናገርም።

ጠጠሮቹ ፕላስቲክ ናቸው ግን ውስጣቸው ብረት ነገር ተሞልቷል፣ ከስራቸው አረንጓዴ ጨርቅ ተለጥፏል፣ አንስታችሁ ስታስቀምጡት "ጠፍ" ሚል ድምፅ አለው እንጂ እንደ ቆርኪ አይንኳኳም። እኔ ጨርቅ ነው ስራዬና ያቺን ጨርቅ አይቻታለሁ፣ በመቀስ ሳይሆን በማሽን የተቆረጠች ክብ ናት፣ ጠርዟ አልተበላም። ፈረሱ ጋ ደሞ የጋማው ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል። 32 መሆን ሲገባው 34 ጠጠር ነው ያለው፣ ትርፉ ሁለት ንግሥት ነው፣ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ ልጄ ነው ያስረዳኝ፣ ወታደር መጨረሻው መስመር ላይ ከደረሰ ንግሥት ይሆናል፣ የመጀመሪያዋ ሳትሞት ሁለተኛ ንግሥት ሊኖርህ ይችላል። አስቡበት እስኪ፣ በዛች በትንሿ ማግኔት ሰሌዳ ላይ ይሄ ሲሆን ማስቲካ ነበር ሚያስቀምጠው።

መጀመሪያ ቀን ስንፈታው ጠርዙ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል፣ አልዘረጋ አለ። ከፍራሽ ስር አንድ ሌሊት አስተኛሁት፣ ጠዋት ቀጥ አለ። ብረት ካውያ እንዳትሞክሩበት፣ ላስቲክ ነው ይቀልጣል። ሲያስቀምጡትም አትጠፉት፣ ጠቅልሉት፣ ሲታጠፍ መስመር ይሰራል መስመሩም አይለቅም። ሻይ የተደፋበት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት ምንም አልቀረበትም፣ ስኳሩ ብቻ ሁለቴ አስጠረገኝ።

ከሁሉም የወደድኩለት ግን ጠርዙ ላይ የታተሙትን ፊደልና ቁጥሮች ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ከኤ እስከ ኤች፣ ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 8። ማግኔቱ ላይ ይሄ አልነበረም። ትንሽ ነገር ይመስላል አይደል፣ ግን እሷ ባትኖር ያቺ ሰኔ ላይ የሆነችው ነገር አትሆንም ነበር፣ እሷን ልንገራችሁ።

ልጄ የጉኬሽንና የዲንግን 14ኛውን፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ከስልክ ላይ ደብተሩ ላይ ገልብጦት ነበር፣ 58 እንቅስቃሴ ነው በሙሉ። ኤ8፣ ዲ5 ምናምን እያለ ሁለት ገፅ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እኔም መኪናዬ ቆሞ በረንዳ ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ነው፣ ጋሼን "ይግቡ ጋሼ፣ ቡና ደርሷል" ብዬ ጠራኋቸው፣ ሰሌዳው ተዘርግቷል። ልጄ ያነባል ጋሼ ያንቀሳቅሳሉ። ጋሼ ቼዝን የተማሩት ወጣት ሆነው ባቡር ላይ ሲሰሩ ነው፣ ከፈረንሳይኛ ጋር አብሮ፣ ድሮ ምድር ባቡር ስራው በፈረንሳይኛ እንደነበር የድሬ ሰው ያውቃል። ስለዚህ እሳቸው ንጉሥ ሲያስፈራሩ "ቼክ" አይሉም፣ "ኤሼክ!" ነው ሚሉት። ግንቡን "ቱር"፣ እኛ ጳጳስ ወይ ቢሾፕ የምንለውን ደሞ "ፉ" ይሉታል፣ በፈረንሳይኛ እብድ ማለት ነው አሉን። ልጄ ከዛ ቀን ጀምሮ ቢሾፕ ብሎ አያውቅም፣ ፉ ነው ሚለው።

55ኛው ላይ ደረሱ። ነጩን የያዘው ዲንግ ነው፣ ጉኬሽ አንድ ወታደር ቢበልጠውም ሁሉም ሰው አቻ ነው ብሎ የደመደመበት ቦታ ነው፣ አቻ ከሆነ በማግስቱ በፈጣን ጨዋታ ሊለያዩ ነው። ዲንግ ግንቡን ኤፍ2 ላይ አስቀመጠ። ልጄ አነበበ፣ ጋሼ አስቀመጡ። "እዚህ ጋ ነው የተሳሳተው ሚሉት" አለ ልጄ። ጋሼ መነፅራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ አዩ። "ምን አለው?" አሉ። እውነት ነው፣ ለአይን ምንም የለውም፣ ግንብ ለግንብ እንለዋወጥ ነው ያለው።

ልጄ ስልኩን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፣ ስልክ ላይ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይነግራችኋላ፣ ስቶክፊሽ ሚባል አለ። ጋሼ እጁን ያዙት። "ተወው። ቡናው እስኪያልቅ እንየው።" ቡናው አለቀ፣ ሶስተኛውም ወረደ፣ አልተገኘም። ሰሌዳውን እንዳለ በረንዳው ላይ ትተነው ተኛን፣ ዶሮ እንዳትረግጠው ቅርጫት ደፋሁበት። በማግስቱ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደመጣ ቅርጫቱን አንስቶ ቁጭ አለ፣ እኔ ያንድ ሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነው፣ ለአንድ ሰአት ያህል አልተናገረም። ከዛ በጣም ቀስ ብሎ "እማ፣ ፉው መውጫ የለውም" አለ።

ሄጄ አየሁት። አሳየኝ። ግንቦቹ ተለዋወጡ እንበል፣ የነጩ ፉ ማዕዘን ላይ ነው ያለው፣ ኤ8። ማዕዘን ላይ ያለ ፉ መሄጃው አንድ መስመር ብቻ ነው። ጉኬሽ የራሱን ፉ ዲ5 ላይ፣ እዛችው መስመር ላይ አመጣው። የነጩ ይብላው ወይ ይበላ፣ ከመስመሩ መውጣት አይችልም። ፉዎቹም አለቁ። የቀረው ንጉሥና ወታደር ብቻ ነው፣ ወታደር ደሞ አንድ ትርፍ ያለው ጉኬሽ ነው። በቃ። ልጄ ይሄን በራሱ አገኘው፣ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ፣ ከኤ8 እስከ ዲ5። ሮጦ "አባባ አባባ" እያለ ጋሼ ጋ ሄደ፣ በባዶ እግሩ። ጋሼ መጥተው አዩና ምንም አላሉም፣ ግንባሩን ሳሙት።

ይሄን ሰሌዳ ለመገምገም ለምን ይሄን ሁሉ ታወሪያለሽ ብትሉኝ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ስልክ ላይ ቢሆን ያቺ መልስ በ2 ሰከንድ ትመጣ ነበር፣ መጥታም ትሄድ ነበር። ትልቅ ሰሌዳ ተዘርግቶ ያድራል። ስታልፉ ታዩታላችሁ፣ ሻይ ስታፈሉ ታዩታላችሁ፣ አእምሮ ውስጥ ይቀመጣል።

ደሞ የኔ ፈጠራ አይደለም። ጉኬሽ ራሱ ያደገው እንደዛ ነው። አሰልጣኙ ቪሽኑ ፕራሳና፣ እሱም ግራንድማስተር ነው (የቼዝ ትልቁ ማዕረግ ነው)፣ ልጁ ነጥቡ፣ ማለት የተጫዋች ደረጃ ሚለካበት ቁጥር፣ 2500 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ በኮምፒውተር እንዲያጠና አላደረገውም። ሌሎቹ እኩዮቹ ሁሉ በኮምፒውተር ሲዘጋጁ እሱ በራሱ ጭንቅላት ነበር ሚያሰላው። እኔ ይሄን ሳነብ ገረመኝ፣ ምክንያቱም አሁን ልጅ ጎበዝ እንዲሆን ከተፈለገ ቶሎ ታብሌት ግዙለት ነው ሚባለው።

ስልክ ጭራሽ ይቅር አልልም። ሊቼስ ሚባለውን አፕ እንጠቀማለን፣ በነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ እንቆቅልሾቹ ጥሩ ናቸው፣ ኔትወርክ ሳይኖርም ከኮምፒውተሩ ጋር ያጫውታል። ግን ልጄ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ሚሉት ላይ ወድቆ ነበር፣ ቡሌት ይሉታል፣ ጣቱ ነው ሚሮጠው አእምሮው አይደለም፣ ሲሸነፍ ሌላ፣ ሲሸነፍ ሌላ፣ ማታ አይኑ ቀልቶ ይተኛል። አሁን ስልኩ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ላስቲኩ። ያው አለም ሻምፒዮና ላይ እንኳን ለመጀመሪያዎቹ 40 እንቅስቃሴዎች ለእያንዳንዳቸው 2 ሰአት ነው የተሰጣቸው።

ስለ ጉኬሽ እናትና አባት ያነበብኩት ግን እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ወላጅ ስለሆንኩ መሰለኝ። አባቱ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነው፣ ስራውን ትቶ ልጁን ይዞ ከሀገር ሀገር ዞረ። ቤቱን የያዘችው እናቱ ናት፣ ማይክሮባዮሎጂስት ናት፣ በሷ ደሞዝ ኖሩ። ልጁ ቼዝ የጀመረው በ7 አመቱ ነው እ.ኤ.አ. በ2013፣ በዛው አመት ህንዳዊው አናንድና ኖርዌያዊው ካርልሰን ለአለም ሻምፒዮንነት የተጋጠሙት እዛው ከተማው ቼናይ ላይ ነበር፣ እሱም ከመስታወቱ ውጪ ቆሞ አይቷቸዋል። 11 አመቱ ላይ ቪዲዮ ላይ ምን መሆን ትፈልጋለህ ሲባል የአለም ትንሹ ሻምፒዮን ብሎ መልሷል። ጃንዋሪ 15, 2019 (የኛ ጥር 7, 2011) ዴልሂ ላይ ግራንድማስተር ሆነ፣ 12 አመት ከ7 ወር ከ17 ቀኑ ነበር፣ የሰርጌይ ካርያኪንን የትንሹ ግራንድማስተር ሪከርድ በ17 ቀን ነው ያጣው። 17 ቀን! በኋላ ሪከርዱን በ2021 አቢማንዩ ሚሽራ ሚባል የአሜሪካ ልጅ በ12 አመት ከ4 ወር ከ25 ቀን ሰበረው። ጉኬሽ ግን 17 ቀን ጎደለኝ ብሎ አልቆመም፣ ኤፕሪል 2024 ቶሮንቶ ላይ የካንዲዴትስን ውድድር (ከሻምፒዮኑ ጋር ሚጋጠመው ሰው ሚለይበት ነው) በ17 አመቱ ሲያሸንፍ እዛ ውድድር ላይ ከሱ ያነሰ አሸናፊ ኖሮ አያውቅም፣ በዛው አመት ቡዳፔስት ላይ ህንድ የቼዝ ኦሎምፒያድ ወርቅ ስትወስድ አንደኛ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።

አንድ ነገር ላይ አልስማማም። ከ4ኛ ክፍል በኋላ መደበኛ ትምህርቱን አቁሟል። ለነሱ ሰራ፣ እግዜር ይመስገን፣ ግን እንደሱ ትምህርት አቁመው ሻምፒዮን ያልሆኑትን ልጆች ማን ቪዲዮ ይቀርፃቸዋል? እኔ ልጄን አላስቆምም፣ የቤት ስራው ካላለቀ ላስቲኩ አይዘረጋም፣ ይሄን እሱም ያውቃል።

ግራንድማስተር መሆን ምን እንደሚጠይቅ ልጄ ሲጠይቀኝ ቁጭ ብለን አነበብነው። ነጥብህ 2500 መድረስ አለበት፣ ከዛ ኖርም ሚባል 3 ጊዜ ማግኘት አለብህ፣ አንዱ ኖርም ብዙ ጊዜ 9 ጨዋታ ነው፣ በነዛ ጨዋታዎች የ2600 ሰው አይነት ውጤት ማምጣት አለብህ፣ ከተጋጣሚዎችህ ደሞ ቢያንስ ሲሶው ግራንድማስተር መሆን አለበት፣ ከተለያየ ሀገርም መምጣት አለባቸው። አያችሁት? ቤትህ ቁጭ ብለህ ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆን አታገኘውም፣ ግራንድማስተሮች ያሉበት መሄድ አለብህ፣ እሱ ደሞ ቪዛ ነው፣ ትኬት ነው፣ ሆቴል ነው። የጉኬሽ አባት ስራውን የተወው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

እኛ ሀገር እስካሁን ግራንድማስተር የለም። አፍሪካ ውስጥ ግን አለ፣ የዛምቢያው አሞን ሲሙቶዌ አለ፣ የደቡብ አፍሪካው ኬኒ ሶሎሞን በ2014 የአፍሪካን ሻምፒዮና አሸንፎ ነው ማዕረጉን ያገኘው፣ የግብፁ ባሰም አሚን 2700 ነጥብ ያለፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። ህንድም ብትሆን እ.ኤ.አ. እስከ 1988 ድረስ አንድም አልነበራትም፣ አናንድ የመጀመሪያው ነው፣ ዛሬ ከ80 በላይ ናቸው። አናንድ ከ1986 ጀምሮ 37 አመት የህንድ አንደኛ ሆኖ ቆየና በ2023 ቦታውን የወሰደበት ይሄው ጉኬሽ ነው። ልጄ ይሄን ከሰማ በኋላ "አንደኛው ሰው ነው እንግዲህ ከባዱ" አለኝ። ማሽኑን አቁሜ ነው ያየሁት።

ጋሼ ደሞ እዚህ ጋ ሚሉት አላቸው። ቼዝ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ስሙም ሰንጠረዥ ነው ይላሉ። ዛሬ ሰንጠረዥ ስንል ሚታየን የሂሳብ ሰንጠረዥ ነው፣ ድሮ ግን ነገሥታቱና መኳንንቱ ሚጫወቱት ጨዋታ ነበር፣ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ተሰምሮ፣ ንጉሥ አለ፣ ፈርዝ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ወታደሩን መደቅ ይሉታል። መጀመሪያው ወረራ ነው፣ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ ሚጀመረው። ልጄና ጋሼ በዚሁ ላስቲክ ወረራን ሞክረውታል፣ በጣም ፈጣን ነው፣ ሳቃቸው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። ጨርቁን እኔ ልሰፋላቸው ነው፣ ቀይ ፖፕሊን አለኝ።

ወደ እቃው ልመለስ፣ ጉድለቱን ሳልናገር ብቀር ልክ አይደለም። ጠጠሮቹ የመጡበት ከረጢት ቀጭን ላስቲክ ነው፣ ሳምንት ሳይሞላው ተቀደደ፣ እኔ ከሽርጥ ትራፊ ገመድ ያለው ከረጢት ሰፋሁለት። ከ34ቱ ጠጠር የሶስቱ አረንጓዴ ጨርቅ በሙቀቱ ተላቀቀ፣ ሙጫው ደካማ ነው፣ የጫማ ማስቲሽ ይዞታል። የነጩ ቀለም ደሞ ሁለት አይነት ነው፣ ወታደሮቹ ነጭ፣ ትልልቆቹ ወደ ክሬም ያደላሉ፣ ከተለያየ ካርቶን የተሰበሰበ ይመስለኛል፣ ጨዋታውን አያበላሽም ግን አይን ያለው ሰው ያየዋል። ሰአት አብሮ የለውም። የቼዝ ሰአት ጠይቄ ነበር፣ ዲጂታሉን ከሰሌዳው በላይ በሆነ ዋጋ ነው የጠሩልኝ፣ ተውኩት፣ ስልክ ላይ የቼዝ ሰአት ሚሆን ነፃ አፕ አለ ለጊዜው በሱ ነን። ስልኩን ከጎን አስተኝቶ መታ መታ ማድረግ ነው፣ ልጄ ግን እውነተኛውን ይመኛል፣ ለፋሲካ እያጠራቀምኩ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ 2,400 ለኔ ትንሽ ብር አይደለም፣ ስንት ሱሪ ማሳጠር ነው። ግን የመጀመሪያውን 700 ጨምሩበትና 3,100 ነው ያወጣሁት፣ ከመጀመሪያው ይሄን ብገዛ ኖሮ 700ውን ለሰአቱ አደርገው ነበር። ባለሱቁ መጀመሪያ 3,000 ነበር ያለኝ፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሼ ነው የወረደው፣ ስለዚህ ተከራከሩ። ሲገዙ ካርቶኑን አስከፍቱ፣ እዛው ጠጠሩን ቁጠሩ፣ እያንዳንዱን ገልብጣችሁ ጨርቁን በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት፣ ሚላቀቅ ከሆነ እዛው ያስታውቃል። ንጉሡን በእጃችሁ መዝኑት፣ ቀላል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው፣ የበረንዳ ነፋስ ይጥለዋል። ጠርዙ ላይ ፊደልና ቁጥር ከሌለው አትግዙ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰአት ሱቁ ሁሉ በርጫ ላይ ነው ሚያስተናግዳችሁ አታገኙም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጉኬሽ ኖርዌይ ውስጥ ካርልሰንን ሲያሸንፈውና ካርልሰን ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታ፣ ጠጠሮቹ ሲዘሉ ያያችሁት ይኖራል። ልጄ ያን አይቶ ከጋሼ ጋር ሲሸነፍ እሱም ጠረጴዛዬን መታ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ተነስተው ወጡ። ልጄ ብቻውን ቀረ፣ ጥቂት አየኝ፣ ከዛ መሬት ላይ የወደቁትን መልቀም ጀመረ፣ ንጉሡን ቦታው፣ ፈረሱን ቦታው፣ ወታደሮቹን በመስመር። ሲጨርስ ጋሼ በር ላይ ቆመው ነበር። "አሁን ነጩ ያንተ ነው" አሉት።

ያኔ የወደቀው የጥቁሩ ፈረስ አንድ ጆሮው ተሰብሯል። በሱፐር ግሉ ለጥፈነዋል፣ እስካሁን ይዟል።